ሦስት ፓምፕ ገዛሁ፤ የሞተው አንዱ ብቻ ነበር

በጓሮዬ አንዲት ትንሽ ኩሬ አለች። ከኩሬዋ ራስጌ ጥቁር ድንጋይ ደርድሬ የሠራሁት ፏፏቴ አለ፤ ከውሃው ፊት እስከ መፍሰሻው አፍ ቁመቱ 1 ሜትር ከ10 ነው። ይህችን የምታህል ነገር በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ፓምፕ አስገዛችኝ። የሚያሳፍረው ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የፋብሪካ መለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ የኖርኩ ሰው መሆኔ ነው። አሮጌው ተመርምሮ ካልታየ አዲስ ዕቃ አይወጣም በማለቴ ከስንቱ መካኒክ ጋር ተቀያይሜአለሁ። በገዛ ጓሮዬ ግን አንዱንም ሳልመረምር ሦስት ጊዜ ወጪ ፈረምኩ።

ኩሬዋን የሠራሁት ለአባቴ ነው። አባባ ተወልደው ያደጉት ጢስ ዓባይ አካባቢ ነው። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ አቃቂ እኛ ዘንድ መጥተው መኖር ሲጀምሩ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳቸው ዝምታው እንደሆነ ነገሩኝ። ጥቅምት ላይ ቆፈርኩ፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ወደ 1,000 ሊትር የሚይዝ ጉድጓድ ሆነ። ወፍራም ጥቁር ላስቲክ አነጠፍኩ፣ ድንጋዩን ደረደርኩ፣ ጥቂት ወርቃማ ዓሦች ጨመርኩበት። ፓምፑን የሰካሁ ዕለት አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጆሮአቸውን አዘንብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ቀጭን ነው፤ ግን ውሃ ነው» አሉ። ያን ጊዜ «ቀጭን ነው» የምትለዋን ቃል በቁም ነገር ብይዛት ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር።

ፓምፑን ገበያ ላይ ሰው ሁሉ «ዲናሞ» ይለዋል። መጠኑ ሁለት ቡጢ ቢያህል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ዓይነት። ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 35 ዋት፣ በሰዓት 2,000 ሊትር፣ ከፍታ 2 ሜትር። ይህችን ጽሑፍ ያዙልኝ፤ ካታለሉኝ ነገሮች ዋናዋ እሷ ስለሆነች ኋላ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያውን ፓምፕ የገደልኩት እኔው ራሴ ነኝ። አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ድምፅ የለም። ኩሬዋ ጎድላ የፓምፑ አናት ከውሃው ወጥቷል፤ ከሶኬቱ ነቅዬ ስነካው የሻይ ብርጭቆ ያህል ይፋጃል። እነዚህ ትንንሽ ፓምፖች የሚቀዘቅዙትም፣ መዞሪያቸው የሚለሰልሰውም በሚገፉት ውሃ ነው። ውሃው ሲጎድል አየር እየሳቡ በባዶ ይዞራሉ፤ ይግላሉ፤ ፕላስቲኩ ይለሰልስና መዞሪያውን አንቆ ይይዘዋል። እኔ ግን ዕቃው የማይረባ ነው አልኩና ከዚያው ሱቅ፣ ያንኑ ዓይነት ገዛሁ። ኩሬዋንም በጀሪካን ሞላሁ። ውሃው ወዴት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም።

መጠየቅ የጀመርኩት በሳምንቱ እንደገና ሲጎድል ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በየቀኑ አይመጣም፤ ስለዚህ የጎደለ ኩሬ መሙላት የቤቱን ሰው ሁሉ ያጣላል። ላስቲኩ ተቀድዷል ብዬ ዓሦቹን በሳፋ ላወጣና ኩሬዋን ልገለብጣት ስል ባለቤቴ፣ «መጀመሪያ ፏፏቴውን አጥፍተህ እየው» አለችኝ። ድንጋዩ ላይ የውሃውን ልክ በከሰል ምልክት አደረግሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ፓምፑን ነቅዬ አሳደርኩት፤ ጠዋት ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ያለው ለዓይን እንኳ በሚያስቸግር መጠን ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ፓምፑ እየሠራ አደረ፤ አራት ሴንቲሜትር ጎደለ። በእኔ ኩሬ ስፋት አራት ሴንቲሜትር ማለት መቶ ሊትር ገደማ ነው፤ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ሌሊት።

ፓምፑ ሲቆም የማይጎድል ውሃ ሲሠራ ብቻ የሚጎድል ከሆነ፣ ቀዳዳው ያለው ኩሬው ውስጥ ሳይሆን ውሃው በሚወጣበትና በሚወርድበት መንገድ ላይ ነው። የሁለት ሌሊት ሥራ ነው፤ ከከሰል በቀር ምንም አይጠይቅም። ፏፏቴው ጀርባ ያለውን አፈር በእጄ ስነካው ጭቃ ሆኗል። አንድ ከባድ ድንጋይ የላስቲኩን ጠርዝ ተጭኖ አጥፎታል፤ ውሃው በዚያ በኩል ሾልኮ ወደ አትክልቱ ይሄዳል። ጎመኑ በዚያ ሰሞን ለምን እንዳማረበት ያን ዕለት ገባኝ። ጠርዙን ከፍ አድርጌ በድንጋይና በሲሚንቶ ደገፍኩት። አዲስ ሲሚንቶ የነካው ውሃ ለዓሣ አይሆንም፤ ከደረቀ በኋላ ደጋግሜ አጥቤ፣ ያጠብኩበትን ውሃ ደፍቼ ነው መልሼ ያስነሣሁት።

ሁለተኛው ፓምፕ ጥር ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አልነሣም አለ። አባባ ከዚህ ቀደም አንድ ነገር ብለውኝ ነበር፦ «የእኛ አገር ፏፏቴ ውሃው ወደ መብራት ማመንጫው ሲዞር ይቀጥናል፤ ያንተ ደግሞ መብራቱ ሲሄድ ይቆማል፤ ሁለቱም የመብራት ሎሌ ናቸው።» ያን ዕለት መብራቱ አራት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ተመለሰ። ፓምፑ ግን እንደ ታፈነ ንብ እምም... ይላል እንጂ ውሃ አይገፋም። ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣ በመዳፌ መታሁት፤ ያው ነው። ተቃጥሏል ብዬ ካርቶን ውስጥ ከመጀመሪያው ሬሳ ጎን አስቀመጥኩትና ሦስተኛውን ልገዛ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ከሩቅ ሲያየኝ፣ «ባለ ፏፏቴው መጡ!» ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

በሦስተኛው ላይ ሁለት ስሕተት ሠራሁ። አንደኛው፣ ቆሻሻ እንዳይገባበት ብዬ የመሳቢያ አፉን በሴት ስቶኪንግ ጠቅልዬ አሰርኩት። ሁለተኛው የባሰ ነው። ገመዱ 1 ሜትር ተኩል ብቻ ስለነበር ሌላ ሽቦ ቀጠልኩበት፤ መጋጠሚያውን በናስትሮ ደህና አድርጌ ጠመጠምኩ። ድንጋዩ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። መቼ ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ እንደገባ አላውቅም።

ሚያዝያ ሲገባ ከአጥራችን ጥግ ያለችው ጃካራንዳ አበባዋን ታረግፋለች። ኩሬዋ ሐምራዊ ምንጣፍ ይነጠፍባታል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ውሃ ውስጥ ሦስት ቀን ያደረ የጃካራንዳ አበባ ግን ንፍጥ ነው። አንድ ማለዳ አባባ ከበረንዳ ሆነው፣ «ልጄ፣ ውሃው ቀጠነ» አሉኝ። እኔ ዓይን እያለኝ አላየሁትም ነበር። ልጠርገው ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ውሃው ውስጥ ስነክር ክንዴን እስከ ክርኔ ጉንዳን የወረረው መሰለኝ። እጄን መለስኩ። ደግሜ ጣቴን ነከርኩ፤ ይህን ሳስበው አሁንም ያንዘፈዝፈኛል። ያው ጉንዳን ነው።

እዚህ ላይ ዕቃ ጥገናው ይቁም። ውሃው ከነዘራችሁ፣ ጥርጣሬም እንኳ ካደረባችሁ፣ ፓምፑን፣ ገመዱንም ሆነ ውሃውን ሳትነኩ ብሬከሩን አጥፉ። ሶኬቱ ከኩሬው አጠገብ ከሆነ ወደ ሶኬቱም አትሂዱ፤ ከቆጣሪው በኩል አጥፉ። ልጆች ካሉ ከጓሮው አስወጡ። እኔ ብሬከሩን አጥፍቼ የሰፈራችንን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራሁ። ልጅ እግር ነው፤ የታናሽ ልጄ እኩያ። መጋጠሚያውን ከውሃው አውጥቶ ናስትሮውን ሲፈታው ከውስጡ ውሃ ጠብ ጠብ አለ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። «ጋሼ፣ እግዜር ነው ያተረፈዎት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ መጨመርም አያስፈልገውም ነበር።

ናስትሮ ውሃ አያግድም። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼ ስንት ጊዜ ረስቼዋለሁ። ልጁ መጋጠሚያውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከኩሬው አርቆ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ገመዱን ወደ ሶኬቱ ቀጥ አድርጎ አላስገባውም፤ ወደ ታች አንድ ጊዜ አንጠልጥሎ መልሶ ወደ ላይ አወጣው፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከታችኛው ጫፍ ላይ መሬት ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ከሁሉ በላይ ለዚያ መስመር ብቻ የሚሆን፣ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲሾልክ በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር አስገባልኝ። በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ነው፤ ተራው ብሬከር ሰው እየተያዘ ዝም ብሎ ሊያይ ይችላል። ላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ አንድ ጊዜ እጫነዋለሁ፤ ካልቆረጠ አይሠራም ማለት ነው። ይህ ብሬከር ከሦስቱ ፓምፖች በፊት መገዛት የነበረበት ዕቃ ነው።

ልጁ መሣሪያውን ሊሰበስብ ሲል ካርቶኑን አየና፣ «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» አለኝ። የተቃጠሉ ናቸው አልኩት። «ከፍተው አይተዋቸዋል?» ሲለኝ ግምጃ ቤቴ ቆሜ መካኒኮችን የምጠይቀው ጥያቄ በልጅ አፍ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ።

ሁለተኛውን፣ ያን እምም የሚለውን፣ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱ ያለውን ወንፊት መሰል ክዳን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አወለቀው። ካቻቪቴ እንኳ አላስፈለገውም። ከሥሩ ደግሞ አንድ ትንሽ ክብ ክዳን አለ፤ ሩብ ዙር ሲያዞረው ወጣ። ውስጡ የመዞሪያው ክንፎች ታዩ፤ ፕላስቲክ ናቸው፤ እንደ ትንሽ የፀሐይ አበባ። በፒንሳ ጫፍ ይዞ ሊስብ ሲል ከውስጥ ሌላ ሰው የያዘው ይመስል ይመለስበታል። የያዘው ማግኔቱ ነው። ክንፎቹ የተያያዙት ትንሽ ጣት ከሚያህል ጥቁር ማግኔት ጋር ነው፤ ማግኔቱ መሐል ለመሐል በተበሳ ቀዳዳው በቀጭን ነጭ የሸክላ ዘንግ ላይ ይዞራል። ሽቦው ግን ከውጭ በኩል በፕላስቲክና በሙጫ ታሽጎ ተቀምጧል፤ ውሃ አይነካውም። ሞተሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የሚነቃነቅ ነገር የለውም።

ማግኔቱ ሲወጣ ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ያው ኖራ። የእኛ ሰፈር ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ስለሆነ ይህ አይቀርልንም። በማግኔቱና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት የወፍራም ወረቀት ያህል ነው። ፓምፑ እየዞረ እያለ ቅርፊቱን እየፋቀ ይዘልቃል፤ መብራት ጠፍቶ ሲቆም ግን ደቃቁ አሸዋና ኖራው በዚያች ክፍተት ይቀመጣል። መብራት ሲመለስ እንዲህ ያለች ትንሽ ሞተር ከቆመችበት ለመነሣት የሚያስችል ጉልበት የላትም። ሽቦው ደህና ነው፤ ኤሌክትሪኩ ይገባል፤ ማግኔቱ ይንቀጠቀጣል፤ እምም የሚለው እሱ ነው። እንግዲህ እምም የሚል ፓምፕ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ አትጣሉት፤ ግን እምም እያለ አታቆዩት፤ ቆሞ ሲቆይ ይግላልና።

ከወጥ ቤት አቼቶ አስመጣን። እኩል ውሃ ቀላቅለን ማግኔቱንና ክዳኖቹን ነከርናቸው፤ ወዲያው አረፋ ማውጣት ጀመሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስናሸው ቅርፊቱ እንደ እንቁላል ልጣጭ ተነሣ። የቤቱን ጠባብ ቀዳዳ ለማጽዳት ባለቤቴ የዶሮ ላባ አመጣች፤ ከሁሉም የተሻለው መሣሪያ እሱ ሆኖ ተገኘ። አባባ ከበረንዳ፣ «ዘይት ጠብ አድርጉበት እንጂ» ቢሉም ልጁ አልተቀበለም፤ ዘይት ጎማዎቹን ያበላሻል፣ ዓሦቹንም ይጎዳል፤ የዚህ ዕቃ ዘይቱ ውሃው ነው። በምስማር ወይም በቢላዋ መፋቅም አይሆንም፤ የተጫረ ቦታ ቶሎ ኖራ ይይዛል።

መልሰን ስንገጥም እኔ ልርዳ ብዬ ዘንጉን አነሣሁትና ሰበርኩት። የሸክላ ዘንግ ብረት ይመስላል እንጂ እንደ ስኒ እጀታ ቀሽ ይላል። ልጁ ምንም ሳይናገር የመጀመሪያውን፣ እኔ በባዶ አዙሬ የገደልኩትን ፓምፕ ከፈተ፤ ዘንጉን በጥንቃቄ ሳበ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጎማዎችም ወሰደ። ልክ ገባ። እነዚህ ጎማዎች የምስር ፍሬ ያህል ስለሆኑ ሣር ላይ አትክፈቱት፤ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። መዞሪያውን በጣት ስታዞሩት ደግሞ ለስልሶ ሳይሆን ቆም ቆም እያለ ቢዞር አትደንግጡ፤ ማግኔቱ ነው፤ ጤነኛ ነው።

ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልተን ፓምፑን አስገባነውና ሰካነው። ምንም የለም፤ ይንተከተካል ብቻ። ልጁ ሳቀና ነቅሎ ውሃው ውስጥ እንዳለ ገለባበጠው፤ ሁለት ትልልቅ የአየር አረፋ ወጣ። እንደገና ሲሰካ ውሃው ከሳፋው ዘልሎ ሸሚዜን አራሰው። ሦስት ወር ካርቶን ውስጥ «ተቃጥሏል» ተብሎ የተኛው ፓምፕ!

ሦስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ አልፈጀንም። ስቶኪንጉ በጃካራንዳ ንፍጥ ተደፍኖ ፓምፑን አንቆታል። ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ መጠቅለል የሚያስመስለው መከላከል ነው እንጂ ሥራው ማነቅ ነው። አሁን ፓምፑን ያስቀመጥኩት በአንድ ትልቅ ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ ነው፤ ቅርጫቱን ደግሞ ቀዩ መረብ የሽንኩርት ከረጢት አልብሼዋለሁ። ምሥጢሩ የመረቡ ስፋት ነው፤ ግማሹ በቅጠል ቢሸፈን እንኳ በሌላው ግማሽ ውሃ ይገባል። ከሥሩም ሸክላ ጡብ አድርጌ ከወለሉ አንሥቼዋለሁ፤ ደለሉ ያለው ታች ነው፤ በተለይ ክረምት።

ታዲያ ሁለቱም ፓምፖች ንጹሕ ሆነው ውሃው አሁንም ቀጭን ነበር። አባባ አዳምጠው፣ «እንደ መጀመሪያው ነው» አሉ። እንደ መጀመሪያው ማለት ከተሰካበት ዕለት ጀምሮ ደካማ ነበር ማለት እንደሆነ የገባኝ ይኼኔ ነው። አንድ ጎረቤታችን፣ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ሆኖ ነው» አለን። ከጉድጓድ ውሃ ወደ ላይ በሚስብ፣ ደረቅ ላይ በተቀመጠ ፓምፕ ቢሆን እውነት አለው፤ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ለሚገፋ ግን አይሠራም። ባለ ሱቁ በበኩሉ በሰዓት 5,000 ሊትር የሚገፋ ባለ 100 ዋት ሊሸጥልኝ አዘጋጅቷል። የእኔ ባለ 35 ዋት ሌት ተቀን ሲሠራ በቀን የሚበላው 0.84 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ያኛው 2.4 ይበላል። አልገዛም አልኩ፤ ዘግይቼም ቢሆን ግምጃ ቤቴ ትዝ አለኝ።

አሁን ወደዚያች ጽሑፍ እንመለስ። «በሰዓት 2,000 ሊትር፣ ከፍታ 2 ሜትር» ሲል እኔ ያነበብኩት 2,000 ሊትር ውሃ 2 ሜትር ያወጣል ብዬ ነው። አይደለም። 2,000 የሚገፋው ምንም ከፍታ ሳይወጣ፣ እዚያው ውሃው ፊት ላይ ሲያፈስ ነው። 2 ሜትር ላይ ደግሞ የሚገፋው ዜሮ ነው፤ ውሃው ቱቦው ውስጥ እዚያ ደርሶ ይቆማል። የእኛ ኑሮ በሁለቱ መካከል ነው። በ1 ሜትር ከ10 ከፍታ ከ900 ሊትር ገደማ በላይ መጠበቅ ሞኝነት ነበር።

ይህንን በግምት አልተውኩትም። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ፏፏቴው አፍ ሥር ይዤ፣ ልጁ በስልኩ ሰዓት ያዘ፤ ለመሙላት 70 ሰከንድ ፈጀ። 36,000ን (የሰዓቱን 3,600 ሰከንድ በባልዲው 10 ሊትር ስታባዙት) በሰከንዱ ብታካፍሉ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሆነ ይሰጣችኋል፤ 514 ሆነ። ከ900 በጣም ያንሳል። ቀሪውን ማን በላው? ውሃውን ወደ ፏፏቴው የሚያወጣውን ረጅሙን ጎማ ከፓምፑ ላይ ነቅለን ፓምፑ ብቻውን ውሃው ፊት ላይ እንዲያፈስ አደረግነው፤ እንደ ጉድ ይወረወራል። ስለዚህ በደሉ የፓምፑ አይደለም። ውሃው ያለ ጎማ በርትቶ በጎማ የሚደክም ከሆነ ጥፋቱ ከፓምፑ በላይ ነው፦ ጎማው ጠባብ ነው፣ ታጥፏል፣ ወይም ከፍታው በዝቷል። ያለ ጎማም የሚደክም ከሆነ ወደ መሳቢያውና ወደ መዞሪያው ተመለሱ። ከሁሉም ምርመራ አንዱን ብቻ አስተምር ብባል የማስተምረው ይህንን ነው።

የእኔ ጎማ 3 ሜትር የሚሆን ባለ ግማሽ ኢንች ነበር፤ አትክልት የማጠጣበት። ከድንጋዩ ሥርም አንድ ቦታ ተጣጥፏል። ባለ አንድ ኢንች ገዝቼ፣ የሚበቃውን ያህል ብቻ ቆርጬ፣ ጠምዘዝ ሳይል ዘርግቼ በፋሼታ አሰርኩት። የፓምፑ አፍ ጠባብ ቢሆንም ማገናኛ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው መንገድ መስፋቱ ነው ቁም ነገሩ። ባልዲው በ41 ሰከንድ ሞላ። 878 ሊትር። ፓምፑ ያው፣ መብራቱ ያው።

ሆኖም ለዓይን አሁንም የተበጣጠሰ ነበር፤ ምክንያቱም የፏፏቴዬን አፍ 20 ሴንቲሜትር አድርጌ ነው የሠራሁት። ሳይቆራረጥ እንደ ነጠላ የተዘረጋ ውሃ ለማግኘት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት በየአንዱ ሴንቲሜትር ስፋት በሰዓት 150 ሊትር ነው። ለ20 ሴንቲሜትር 3,000 ሊትር ሊያስፈልግ ነው! ፓምፑን ከማሳደግ አፉን ማጥበብ ይቀላል። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ግራና ቀኝ አስጠግቼ 6 ሴንቲሜትር ብቻ አስቀረሁ፤ ሦስት ጣት ቢሆን ነው። ውሃው ተሰብስቦ አንድ ሆኖ ወረደ። ወድቆ የሚመታበትን ቦታም ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖርኩለት፤ ድምፁ ከዚያ ነው የሚመጣው። አባባ ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ኋላ ባለቤቴን ጠርተው ጋቢያቸውን በረንዳው ላይ እንድታመጣላቸው ነገሯት።

የትኛው ፓምፕ በእውነት እንደሞተ ለማወቅ ደግሞ ይህን ያህል እነግራችኋለሁ። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ መብራት እንዳለ ካረጋገጣችሁ በኋላ ፓምፑ እምም ሳይል፣ እጅ ላይም ሳይንቀጠቀጥ ዝም ካለ፣ ባለሙያው በቴስተር ሲለካውም ሽቦው ተበጥሶ ከተገኘ፣ አልቆለታል። ሰውነቱ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀም እንደዚሁ፤ የሚቆርጠውን ብሬከር በሰካችሁት ቁጥር የሚያስቆርጥም እንደዚሁ፤ ይህን የመጨረሻውን ለመሞከር እንኳ ደግማችሁ አትስኩት። የተቃጠለ ሞተር እንደገና ወደሚጠቀልሉት መርካቶ ወስጄ ነበር፤ ሰውየው ገልብጦ አየውና ሽቦው በሙጫ ስለታሸገ አይፈታም ብሎ መለሰልኝ። የሞተውንም ግን ክንፉንና ዘንጉን ሳታወጡ አትጣሉት።

መብራት ሲጠፋ አሁን ወዲያው እነቅለዋለሁ፤ ተመልሶ አሥር ደቂቃ ያህል ከረጋ በኋላ ነው የምሰካው። ሁለቱን ፓምፖች አፈራርቃለሁ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ታጥቦ፣ ደርቆ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ኩሬዋ ከሳምንት በላይ ቆማ ከቆየች የትንኝ እጭ ስለሚርመሰመስባት ተተኪ መኖሩ ከጎረቤትም ያስታርቃል። ባልዲዋ ከኩሬው አጠገብ ተሰቅላለች፤ የሰከንዱን ልክ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ እጽፋለሁ። ከ41 ተነሥቶ 42፣ 42፣ 44 እያለ መጥቷል።

ትናንት ማታ አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ «ዛሬ ደግሞ ቀጠነ» አሉኝ። ለእኔ ምንም የተለየ አልመሰለኝም። ጠዋት ባልዲዋን ያዝኩ፤ 48 ሰከንድ። ልጁን አቼቶ ግዛ ብዬ ልኬዋለሁ።